«ያሸንፋል?» ከማለታችን በፊት

(ጥር 2013 ዓ.ም ባሕር ዳር ላይ በተደረገ የወጣቶች ውይይት የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል። ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡትና ሐሳባችሁን ጻፉልን።)



ከዘጌ፣ ከመራዊ፣ ከአዴት፣ ከሐሙሲት መንገዱን ችላችሁ የመጣችሁ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ቦታ ጠቧችሁ በር ላይ የቆማችሁም፣ በኋላ በስልካችሁ የምታነቡትም፣ ነገሩ የሁላችንም ነውና አብረን እንነጋገር።

ዛሬ መፈክር ላሰማችሁ አልመጣሁም። መፈክሩን ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። የመጣሁት ሰሞኑን ቡና ላይም፣ ቴሌግራም ላይም፣ ሠርግ ቤት ሳይቀር ስለሚያጨቃጭቀን ነገር ለመናገር ነው። ምርጫ ቦርድ ለግንቦት 28 ቀጠሮ ይዟል። የዕጩዎች ምዝገባ ደርሷል። እኛ ፓርቲ አይደለንም። ግን በየወረዳው «ማን ይቅረብ?» ሲባል ወጣቱ ምን ይላል ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ መልስ ይዘን መጠበቅ አለብን።

ጭቅጭቁን ታውቁታላችሁ። ስም አልጠራም። በአንድ የምርጫ ክልል ሁለት ሰዎች ይነሣሉ። አንዱ ስሙ የገነነ ነው። ገንዘብ አለው፣ ዘመድ አለው፣ ለቅሶ ቤት ሲገባ ሰው ብድግ ይልለታል። ችግሩ ትናንት የት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ሕዝብ ሲጮኽ እሱ ዝም ብሎ ነበር። ሌላዋ መምህርት ናት። የተፈናቀለ ሰው ሲመጣ ብርድ ልብስ ተሸክማ የምትሮጥ፣ በስብሰባ ላይ ማንም ሳይደፍር እጇን አውጥታ የተናገረች ሴት። ገንዘብ የላትም፣ ፖስተር የሚያሠራላት ባለሀብት የላትም።

እና ምን እንላለን? «እሷ ልክ ናት፤ ግን አታሸንፍም። እሱ ልክ አይደለም፤ ግን ያሸንፋል።»

ይህንን ዓረፍተ ነገር ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። እኔም ብዬዋለሁ። ዛሬ ይህችን ዓረፍተ ነገር ቁጭ ብለን እንፈትሻት።

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን ከባድ እንደሆነ እናስታውስ። ነሐሴ 1 ቀን 2008 በዚህች ከተማ ጎዳና ላይ ባዶ እጃቸውን የወጡ ልጆች ወድቀው ቀርተዋል። ከእናንተ ውስጥ ወንድም ያጣ፣ ጓደኛ ያጣ አለ። ገና ባለፈው ታኅሣሥ በመተከል፣ በቡለን ወረዳ፣ በአንድ ሌሊት ስንት ሰው እንዳለቀ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የምንመርጠው ሰው ለጌጥ አይደለም። ነገ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ምክር ቤት ውስጥ ተነሥቶ ይናገራል ወይስ ወንበሩን ጨብጦ ወለሉን ያያል? ጥያቄው ይኸው ነው። ግን ደግሞ ምክር ቤቱ ካልገባ የት ተነሥቶ ይናገራል? ይህም ጥያቄ ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች እውነተኛ ናቸው። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚያናንቅ ሰው ቀላሉን መንገድ መርጧል።

እኛ አገር ፕሬዚዳንት በቀጥታ አንመርጥም። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩም የሚመረጠው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። አንተ እጅህ ላይ ያለው ድምፅ የራስህ የምርጫ ክልል ነው። ከ547 ወንበሮች 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። ስለዚህ የአገሩ ትልቁ ምርጫ የሚጀምረው አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ሳይሆን፣ እናንተ ሰፈር «ማን ይቅረብ?» የተባለ ቀን ነው።

የምርጫ ሥርዓቱ ደግሞ ጨካኝ ነው። ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ግማሽ መሙላት አያስፈልገውም። መቶ ሰው ድምፅ ቢሰጥ፣ አንዱ 40፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25 ቢያገኝ፣ ወንበሩ የባለ 40ው ነው። ሁለቱ ተቃዋሚዎች ተደምረው 60 ነበሩ እኮ! ግን ድምፃቸውን ተከፋፍለው ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት ይገባሉ። ሁለተኛ ለወጣ ሽልማት የለም።

«የሚያሸንፈውን እናቅርብ» የሚሉት ወንድሞቻችን ይህንን ነው የሚያዩት። ትክክል ናቸው። ፈሪ ወይም ሻጭ እያልን አንሳደብ።

ጎረቤታችንን ኬንያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1992 የሞይ ተቃዋሚዎች ብዙ ነበሩ። ማቲባ አለ፣ ኪባኪ አለ፣ ኦጊንጋ ኦዲንጋ አለ። ሁሉም «እኔ ነኝ» አለ። ሞይ በ36 በመቶ ድምፅ ብቻ አሸነፈ። በ1997ም ያው ተደገመ፤ ሞይ 40 በመቶ ገደማ ይዞ ቀጠለ። ሕዝቡ ሁለት ጊዜ ሞይን አልፈልግም ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ሞይ አገኘ። በ2002 ግን ራይላ ኦዲንጋ፣ ራሱ መሪ መሆን የሚፈልገው ሰው፣ ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ላይ ሕዝብ ፊት ቆሞ «ኪባኪ ይበቃናል» አለ። ተቃዋሚው አንድ ሆነ፤ ኪባኪ በ62 በመቶ አሸነፈ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኼ ነው።

በእኛም አገር ከምርጫ መቅረት ምን እንደሚያመጣ አይተናል። በ1987 ምርጫ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አልተሳተፉም። ምክንያት ነበራቸው፤ ሜዳው እኩል አልነበረም። ግን ወንበር ባዶ ሆኖ አይቀርም። ሌላ ሰው ተቀመጠበት፣ ሌላ ሰው ሕግ አወጣበት። እኛ ደግሞ እስከ ዛሬ በዚያ ሕግ እንተዳደራለን።

ስለዚህ «መርሕ ካለኝ ብሸነፍም ግድ የለኝም» የምትል ወንድሜ፣ ግድ ይኑርህ። የምትሸነፈው አንተ ብቻ አይደለህም። መተከል ያለችው እናትም አብራህ ትሸነፋለች።

እዚህ ድረስ የስሌት ሰዎችን ደግፌ ተናገርኩ። አሁን ደግሞ ለእነሱ ጥያቄ አለኝ። «ያሸንፋል» ስትሉ በምን አወቃችሁ?

አጎቴ በ1997 አዲስ አበባ፣ መርካቶ ውስጥ ጫማ ይሸጥ ነበር። ከግንቦት 7 በፊት በነበሩት ሳምንታት ጎረቤቶቹን ሲጠይቅ፣ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቅንጅት ልቤ ነው፤ ግን አያሸንፉም፣ ማን ያሸንፋቸዋል?» ይለው ነበር። እሱም ለጠየቀው ሁሉ ያንኑ ይመልስ ነበር። በምርጫው ቀን ግን ሁሉም «አያሸንፉም» እያለ ሄዶ ለቅንጅት ሰጠ። ውጤቱን ታሪክ መዝግቦታል። ዓመት እንኳ ያልሞላው ጥምረት በአዲስ አበባ ያሉትን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ወሰደ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ወሰደ። አጎቴ ሲያጫውተን «እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» ይላል። ሰፈሩ ሁሉ «እኔ ብቻ» ብሎ ያስብ ነበር።

አያችሁ? «አያሸንፍም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ትንበያ አይደለም። ፍርሃታችን ነው። ሁላችንም ጎረቤታችን ያስባል ብለን ያሰብነውን እንናገራለን፤ ጎረቤታችን ደግሞ እኛ እናስባለን ብሎ ያሰበውን ይናገራል። ማንም የራሱን ሳይናገር አንዲት ጥሩ ሰው ከውድድር ትወጣለች። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ!

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካኖች ዕጩ የሚለዩበት የፓርቲ ውስጥ ምርጫ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኦባማ ሲወዳደር፣ በሳውዝ ካሮላይና ብዙ ጥቁር መራጮች ልባቸው ከእሱ ጋር ሆኖ ሳለ ከሂላሪ ክሊንተን ጎን ቆይተው ነበር። ለምን? «ነጮቹ ለጥቁር ድምፅ አይሰጡም፤ አያሸንፍም» ብለው። ጥር ላይ ነጮች በሚበዙባት አዮዋ ሲያሸንፍ ግን ነገሩ በአንድ ሌሊት ተገለበጠ። ሰውየው ትናንትም ዛሬም ያው ኦባማ ነው። የተለወጠው ሰው ስለ ሰው ያለው ግምት ነው። በ2016 ደግሞ አዋቂ የተባለው ሁሉ «ትራምፕ አያሸንፍም» አለ። አሸነፈ። አዋቂዎቹ፣ ጥናት አጥኚዎቹ፣ ቴሌቪዥኖቹ እንዲህ ከተሳሳቱ፣ እኛ አራት ሆነን ማኪያቶ ላይ የሰጠነው ፍርድ ስንት ያወጣል?

አንድ ሰው ገንዘብ ስላለው፣ ወንድ ስለሆነ፣ ዕድሜው ስለገፋ፣ ድምፁ ስለጎረነነ ብቻ «ያሸንፋል» እንላለን። አንዲት ሴት ደግሞ ሴት በመሆኗ ብቻ «ሕዝቡ ገና ለሴት አልተዘጋጀም» እንላለን። ሕዝቡ ማን ነው? ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ከመራጩ ግማሹ እኮ እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። እነሱን ማን ጠየቃቸው?

ይህን ስል ግምት ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ባለፈው ዓመት ባይደን በአዮዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሻየር አምስተኛ ወጥቶ አልቆለታል ተብሎ ነበር። ሳውዝ ካሮላይና ላይ መራጩ ራሱ ወጥቶ «ትራምፕን የሚጥል ይኼ ነው» ብሎ አነሣው። ከሌሎቹ ዕጩዎችም አንዳንዶቹ ወዲያው ወጥተው ደገፉት። ኅዳር ላይም አሸነፈ። ግን ልብ በሉ፣ ስሌቱን የሠሩት መራጮቹ ራሳቸው ናቸው፤ ድምፅ ሰጥተው፣ ተቆጥሮ።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ ደግሞ የተሸናፊዎቹ ነገር ነው። የሳንደርስ ደጋፊዎች ብዙዎቹ እንደ እናንተ ወጣቶች ናቸው። አዝነዋል፣ ተናደዋል። ግን ሳንደርስ ዝም ብሎ አጨብጭቦ አልገባም። ከባይደን ጋር የጋራ የሥራ ቡድኖች ተቋቁመው፣ በጤና፣ በትምህርት፣ በአየር ንብረት ጉዳይ ላይ ቁጭ ብለው ጻፉ። ከጻፉት ውስጥ ብዙው ወደ ፓርቲው ፕሮግራም ገባ። ሰውየውን ተሸንፈው ሐሳባቸውን አስገቡ ማለት ነው።

አሁን ወደ ኬንያ እንመለስ፤ ታሪኩ እዚያ አላለቀም። ኪባኪ ሲመረጥ ከራይላ ጋር የተፈራረሙት ስምምነት ነበር። ሥልጣን ክፍፍል ነበረበት፣ አዲስ ሕገ መንግሥት ነበረበት። ሥልጣን ከተያዘ በኋላ ስምምነቱ ወደ ጎን ተደረገ። በ2005 በሕገ መንግሥቱ ሪፈረንደም ተለያዩ። በ2007 መጨረሻ የተደረገው ምርጫ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ያለቀበት እልቂት ሆነ። ሞይን ለማሸነፍ አንድ የሆኑ ሰዎች፣ ካሸነፉ በኋላ ለምን እንዳሸነፉ አልተስማሙም።

የእኛው ቅንጅትም ያው ነው። 109 ወንበር ይዞ «ፓርላማ እንግባ፣ አንግባ» በሚል ተከፋፈለ። ጥቅምት 1998 መሪዎቹ ታሰሩ፤ አዲስ አበባም በባለአደራ አስተዳደር ተያዘች። ያን ጊዜ የታሰረችው ብርቱካን ሚደቅሳ በኋላ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች፤ አገር እንዲህ ትገላበጣለች። በሕዝቡ ላይ ለደረሰው ጥፋት ገዥው ኃይል ተጠያቂ ነው። ግን እኛም ከራሳችን መማር አለብን። ማሸነፍን እንጂ ከማሸነፍ በኋላ ያለውን አስቀድመን ካልመጠንን፣ ቀሪው ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው።

ታዲያ መርሕ የሚባለው ነገር ዋጋው ምንድን ነው?

ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ፎቶአቸው በብዙዎቻችሁ ስልክ ላይ አለ። ሰኔ 1983 አዲስ አበባ ላይ በተጠራው ጉባኤ፣ የዩኒቨርሲቲው ተወካይ ሆነው ገቡ። አዳራሹ በሙሉ በአንድ አቅጣጫ ሲነፍስ፣ እሳቸው ተነሥተው የአገር አንድነት በዚህ ጉባኤ ሊወሰን አይችልም አሉ። ያን ቀን በድምፅ ቢቆጠር ያሸንፉ ነበር? በፍጹም። ያን ቀን «አያዋጣም፣ ዝም ይበሉ» ያላቸው ሰው ስሌቱ ልክ ነበር። ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ የማንን ስም ነው የምናነሣው? በሚቀጥለው ዓመት መዐሕድን መሠረቱ፣ ታሰሩ፣ ታመው ወጡ፣ በ1991 በስደት አረፉ። እሳቸው ያን ቀን ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ እኛ ዛሬ ምን ይዘን እንሰባሰብ ነበር?

አንድ ወንበርም ቢሆን ድምፅ ካለው ይሰማል። በ2002 ምርጫ ከተቃዋሚ ፓርቲ ፓርላማ የገባው ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበር። አንድ ሰው፣ በ547 ወንበር ውስጥ። ሕግ አላስቆመም፤ ግን እጁን ሲያወጣ ሰው ቴሌቪዥን ይከፍት ነበር። በተቃራኒው ከእኛው ክልል ሄደው ከመቶ በላይ ሆነው እዚያው አዳራሽ የተቀመጡትን አስቡ። ሁሉም «አሸናፊ» ነበሩ። ወልቃይት ሲነሣ፣ ማፈናቀል ሲነሣ፣ ስንቱ ተነሥቶ ተናገረ?

እዚህ ጣና ዳር ያደግን ልጆች እምቦጭን ማንም አይነግረንም። ባለፈው ጥቅምት ብዙዎቻችን ሱሪያችንን ሰብስበን ውሃ ውስጥ ገብተን ነቅለነዋል። እምቦጭ ሲያዩት ለምለም ነው፣ አበባው ያምራል፣ እንደሱ ፈጥኖ የሚስፋፋም የለም። በውድድር ብቻ ብናየው አሸናፊው እሱ ነው። ግን ከሥሩ ዓሣው ያልቃል፣ ታንኳ አያሳልፍም። «ያሸንፋል» ብቻ ብሎ ሰው ማቅረብ እምቦጭ መትከል ነው።

እሺ፣ ምን እናድርግ? ዛሬ ይዘነው እንድንወጣ የምፈልገው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የማይሸጠውን እንለይ። ጥቂት ይሁን። ሁሉም ነገር መርሕ ነው ካልን፣ ምንም ነገር መርሕ አይሆንም። እኔ ሦስት አቀርባለሁ። ዕጩው ሰው በማንነቱ ሲገደልና ሲፈናቀል ፓርቲው ዝም በል ቢለውም ዝም አይልም። እጁ ከሕዝብ መሬትና ከሕዝብ ገንዘብ የጸዳ ነው። ሦስተኛውን ጠንከር አድርጌ ልናገር፦ የሌላውን ብሔር ሕዝብ ጠላት አድርጎ በጥላቻ ድምፅ አይለቅምም። አውቃለሁ፣ ጥላቻ ይሸጣል። በዚህ በተቆጣንበት ሰዓት መድረክ ላይ ወጥቶ የሚሳደብ ሰው ጭብጨባ አያጣም። «ያሸንፋል»ም እንለዋለን። ግን እኛ በማንነታችን አትግደሉን እያልን የምንጮኽ ሕዝብ ነን። ያንኑ በሌላው ላይ የሚሰብክ ሰው ካቀረብን ጩኸታችንን በገዛ እጃችን እናፍነዋለን። ጥፋተኛ በስሙ ይጠየቅ፤ ሕዝብ ግን ጠላት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከእነዚህ ሦስቱ ውጭ ያለው ሁሉ በሚዛን ይታይ። ዕድሜው፣ ዲግሪው፣ አነጋገሩ፣ የየት ሰፈር ልጅ መሆኑ፣ እንደ እኛ ፌስቡክ ላይ አለመጻፉ፣ ይኼ ሁሉ መርሕ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ የተሻለ ድምፅ የሚያመጣውን ምረጡ፤ ኃጢአት የለበትም። አንዳንዶቻችን ሰው እንደ እኛ ስላልጮኸ ብቻ «ባንዳ» እንላለን። ይኼ ጉራ ነው፣ ተዉት።

ሦስተኛ፣ «ያሸንፋል፣ አያሸንፍም» የሚለውን ወጥተን እንጠይቅ። ቴሌግራም ላይ የሚቆጠረው ላይክ ካርድ አያወጣም። በየምርጫ ክልላችሁ ቢያንስ ሦስት ቀበሌ ምረጡ፤ አንድ ከከተማ፣ ሁለት ከገጠር። በሁለት በሁለት እየሆናችሁ ሂዱ። ገበያ ቀን እናቶችን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቶችን፣ ከመስጊድ የሚወጡትንም ጠይቁ። «ጎረቤትህ ማንን ይመርጣል?» አትበሉ። «እርስዎ፣ አባባ፣ ለማን ይሰጣሉ? ለምን?» በሉ። የሰሙትን ጻፉ። ውጤቱ የማትወዱት ቢሆንም ደብቃችሁ እንዳታስቀሩት።

አራተኛ፣ የምናቀርበው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ቃሉን በጽሑፍ ይስጠን፤ በሕዝብ ፊት ያንብበው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ሲያጣበት በሕግ መሠረት ሊያነሣው እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱን በብዙ ነገር እንቃወመው ይሆናል፤ ይህን አንቀጽ ግን እንጠቀምበት። ታንኳ የሚሠሩትን አባቶች እዩ። ደንገሉ ውሃ ላይ ከዋለ በኋላ ጎትተው ወደ ዳር ያወጡታል፣ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ውሃ ውስጥ የተዉት እንደሆነ እየጠጣ ይከብድና ይሰምጣል። የመረጥነውንም ሰው በየሦስት ወሩ ጠርተን «ምን ተናገርክ? ምን ዝም አልክ?» ካላልነው ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ሰዎች እንመለስ። ከእኔ ፍርድ የምትጠብቁ አላችሁ። ልቤ ወዴት እንደሚያደላ ገብቷችኋል፤ አልደብቅም። ግን ልቤ መራጭ አይደለም።

ያ የገነነው ሰው ሦስቱን ነገር በሕዝብ ፊት ይፈርማል? ትናንት ለምን ዝም እንዳለስ ሳይቆጣ ይናገራል? ከተናገረ፣ ሰው ይለወጣልና በሚዛን ይቀመጥ። ሦስቱ ቀበሌዎችም እሱን ካሉ፣ የእሱን ፖስተር ለመለጠፍ መሰላል የምሸከመው እኔ ነኝ፤ ያቺ መምህርትም ከጎኔ እንደምትቆም አልጠራጠርም። አልፈርምም ካለ ግን፣ ከዚያ በኋላ «ያሸንፋል» የሚለውን ቃል ከማንም መስማት አልፈልግም። እሱ ቢያሸንፍ ያሸነፈው እሱ ነው፤ እኛ አይደለንም።

እሷን ደግሞ «አታሸንፍም» ያልናት ስንት ቀን አብረናት ዞረን ነው? ስንት ቤት አንኳኩተን ነው? ስንት ብር አዋጥተን ነው? መልሱ ዜሮ ከሆነ፣ እሷ አልተሸነፈችም። እኛ አልጀመርንም። ገንዘብ የላትም አላችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው የአንድ ሳምንት ማኪያቶ ብናዋጣ የስንት ቀበሌ ፖስተር ይሆናል? ዘመድ የላትም አላችሁ። ብርድ ልብስ ያደረሰችላቸው ሰዎች ምኗ ናቸው?

የመጨረሻ ቃሌ ይኼ ነው። ከዛሬ በኋላ አንድ ሰው መጥቶ «እገሌ ጥሩ ነው፤ ግን አያሸንፍም» ሲላችሁ፣ አትሳደቡ፣ አትጣሉ። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁት። «ማንን ጠይቀህ አወቅክ? አንተ ራስህስ ለማን ትሰጣለህ?» ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ሲመልስ የመጀመሪያው ይጠፋዋል።

ነገ ጠዋት በየቀበሌው የሚሄዱትን እዚሁ እንመዝግብ። ወረቀቱ በር ላይ አለ፤ ስማችሁንና የምትሄዱበትን ቀበሌ ጻፉ። ሳትጽፍ የሚወጣ እንዳይኖር፤ ለጭብጨባ አልተሰበሰብንም።

ለወደቁት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ክብር ይሁን።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!

(ለጓደኞቻችሁ አጋሩት። በየምርጫ ክልላችሁ «የማይሸጡ» የምትሏቸውን ሦስት ነገሮች ከታች ጻፉልን፤ ሰብስበን እናወጣቸዋለን።)